ራኩ ከመቆሙ በፊት ወለሉ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቤት ውስጥ ክብደት ስለማንሳት በሚጻፉ ጽሑፎች ቦታውን ሁሉ የሚወስደው ዕቃው ነው። የትኛው ባር (ክብደቱ የሚሰካበት ዘንግ) ይሻላል፣ ለጀማሪ ስንት ኪሎ ይበቃል፣ የራኩ፣ ማለትም ባሩ የሚሰቀልበት ፍሬም፣ ቱቦላሬ ስንት ሚሊ ሜትር ይወፍራል ይባላል። ራኩ የሚቆምበት ወለልና ከወለሉ ጋር የሚታሰርበት መንገድ ግን «ከሥሩ ጎማ አንጥፉ» በሚል አንድ ምክር ይታለፋል። ምክሩ ጎደሎ ነው፤ እንዳለ ሲፈጸም ደግሞ ራኩን የባሰ የሚያወዛውዝበት ጊዜ አለ። አንባቢዎቻችሁ ብረቱን ከመግዛታቸው በፊት ወለሉን እንዲያዩ ስለምፈልግ ለሥራው የሚያስፈልገውን በዝርዝር ጽፌ ልኬያለሁ።

ፓወር ራክ ስል አራት ቋሚ ያለውን፣ ባር የሚሰቀልበት መንጠቆና ባሩ ካመለጠ የሚቀበል የደኅንነት ባር የተገጠመለትን ፍሬም ነው። ስለዚህ ዕቃ በጣም የተለመደው አስተያየት «ከባድ ስለሆነ የትም አይሄድም» የሚል ነው። በቁጥር እንየው። ራኩ 120 ኪሎ ይመዝን፤ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ክብደቱ መሐል ላይ ቢያርፍ ከሚገለበጥበት ጠርዝ የሚርቀው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። 120 በ0.6 ሲባዛ 72 ይሆናል፤ መገልበጥን የሚከላከለው ቁጥር ይህ ነው። አሁን 2.1 ሜትር ከፍታ ላይ ራኩን በአግድም የሚስብ ኃይል አለ እንበል። 72ን ለ2.1 ብናካፍል 34 ይመጣል። በ34 ኪሎ ያህል ጉተታ ብቻ የአንዱ ወገን እግሮች ከመሬት መነሳት ይጀምራሉ ማለት ነው። የላይኛው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ፑል አፕ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ደክሞት ባሩን በግፊት ወደ መንጠቆው የሚመልስ ሰው ይህን ኃይል ሳያስበው ያመጣዋል።

ከፊት ቋሚዎች ወደ ውጭ የሚወጡ የደኅንነት ክንዶች ሲኖሩ ነገሩ ይብሳል። 180 ኪሎ የተጫነበት ባር ከፊት እግሮቹ 40 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ክንዶቹ ላይ ቢያርፍ፣ 180 በ0.4 ያው 72 ነው። ባሩ ቀስ ተብሎ ቢቀመጥም ያልታሰረው ራክ በመገልበጥና ባለመገልበጥ መካከል ቆሟል። ባሩ ከወደቀበት ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ክብደት የኋላ እግሮቹን ሊያነሳ ይችላል።

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ክብደቶቹን የኋላ ቋሚዎች ላይ መደርደር ነው። 100 ኪሎ የኋላ ቋሚዎች ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊት መገልበጥን የሚከላከለው ቁጥር ከ72 ወደ 192 ያድጋል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ወደ ኋላ ለሚመጣ ግፊት ግን የሚጨምረው ነገር የለም። የክብደት መደርደሪያ ዘንጎቹ ከኋላ እግሮቹ አልፈው ወደ ውጭ የሚወጡ ከሆነ ራኩን ወደ ኋላ ይጎትቱታል እንጂ አይዙትም። ከራኩ ፊት ቆሞ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) የሚሠራ ሰው ባሩን ሲመልስ ደግሞ የሚገፋው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የተደረደረ ክብደት ረዳት ነው፤ የማሰርን ቦታ አይተካም።

አንድ ቁጥር ደግሞ ወለሉን ይመለከታል። 140 ኪሎ የተጫነበት ባር ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የደኅንነት ባሩ ላይ ወድቆ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ2,200 ኪሎ በላይ ነው። ከብረት ይልቅ የጨርቅ ማሰሪያ ተገጥሞ ባሩ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ኃይሉ ወደ 560 ኪሎ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአራቱ እግሮች በኩል ወለሉ ላይ ይወርዳል።

ወደ ወለሉ ልግባ። ከሁሉ የሚመረጠው በቀጥታ መሬት ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ነው። ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ከቤቱ ፕላን ወይም ከወለሉ የተጋለጠ ጠርዝ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ኮንክሪቱ ሳይሆን ሊሾው ነው። ሊሾ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ ነው፤ ቡሎን የመያዝ አቅም የለውም፤ ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ተላቅቆም ሊሆን ይችላል። በመዶሻ እጀታ ወለሉን እየደበደባችሁ አዳምጡ። ድምፁ ደረቅና አጭር ከሆነ ተጣብቋል፤ ባዶ ሣጥን የመታችሁ ያህል ካስተጋባ ተላቋል። የቡሎኑ ጥልቀት የሚቆጠረው ከሊሾው በታች ካለው ኮንክሪት ጀምሮ ነው። ይህን ሳያውቁ 6 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ የሚበሱ ሰዎች ቡሎናቸው ኮንክሪት የነካው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የወለሉ ልክነት ይታያል። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ ራኩ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ፣ ቁመቱንም ወርዱንም፣ እያዞራችሁ ተመልከቱ። ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጥሩ ነው። መኪና ማቆሚያና በረንዳ ግን ውሃ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ዘንበል ይደረጋል። ዝንባሌው በመቶ አንድ እንኳ ቢሆን በ120 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ፤ 2.1 ሜትር ቁመት ያለው ቋሚ ደግሞ ጫፉ 21 ሚሊ ሜትር ያዘነብላል። ባሩ መንጠቆው ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ወገን የሚንከባለለውና አንዱ እግር ሁልጊዜ የሚንኳኳው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱን ለመሙላት የሚሻለው ከእግሩ ንጣፍ ጋር እኩል ተደርጎ የተቆረጠ ላሜራ ነው። ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቁርጥራጭ አዘጋጅታችሁ እየደራረባችሁ ታስተካክላላችሁ። የእንጨት ስንጣሪ ወይም የታጠፈ ካርቶን አይሆንም፤ በየጊዜው ይጨፈለቃል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሳሳል፣ ቡሎኑም አብሮ ይላላል። ልዩነቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ላሜራ መደራረቡን ትታችሁ ወለሉን ራሱን ሲደርቅ በማይኮማተር ሲሚንቶ ማስተካከል ይሻላል።

እርጥበትም ይፈተሽ፤ ሥራው ቀላል ነው። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጎን በስኮች አሽጉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ሲከፈት የውሃ ጠብታ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ከሥር እርጥበት ይመጣል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ጎማ በቀጥታ ከተነጠፈ ውሃው መውጫ ያጣል፤ የራኩ እግር ይዝጋል፣ እንጨት ካለ ይሻግታል። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ መገናኛው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ ይነጠፍና ሌላው ነገር በላዩ ይመጣል።

ሴራሚክ ላይ ራክ የሚያቆሙ ሰዎች ችግሩን የሚያውቁት ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ሴራሚክ ከሥሩ ማጣበቂያው ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ካለ የአንድ እግር ጫና ይሰብረዋል። እንዳለ መተው ካለበት ጫናውን የሚያሰፋ የእንጨት መድረክ ያስፈልጋል። መብሳት የግድ ከሆነ መጀመሪያ የሴራሚክ ፑንታ ገጥማችሁ የትራፓኖውን መዶሻ (የመምቻ ስልቱን) አጥፍታችሁ ሴራሚኩን ብቻ ብሱ፤ ኮንክሪቱ ጋ ስትደርሱ ፑንታውን ቀይሩና መዶሻውን ክፈቱ። ሁለቱን በአንድ ፑንታና በመዶሻ ለመጨረስ የሞከረ ሰው ሴራሚኩን ይሰብረዋል።

ፎቅ ላይና በእንጨት አግዳሚ ላይ በተሠራ ወለል ጉዳዩ ሌላ ነው። ራኩ 120፣ ባሩና ክብደቱ 140፣ ሰውየው 80 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 340 ኪሎ ነው፤ 1.44 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር 236 ኪሎ ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሆነ የአገልግሎት ጭነት ነው። ይህ ማለት ወለሉ ወዲያው ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ስሌቱ ክፍሉ በሙሉ እንደተጫነ አድርጎ ስለሚያስብ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ሲበልጥ የቀረው ባዶ ቦታ ያካክሳል። ነገር ግን ራኩ ከክፍሉ መሐል ይልቅ ሸክም ወደሚችለው ግድግዳ ተጠግቶ ይቁም፤ የእግሮቹ መስመር አግዳሚዎቹን አቋርጦ እንጂ በሁለት አግዳሚዎች መካከል ባለ ሳንቃ ላይ ብቻ አይረፍ፤ ክብደት መወርወርም ይቅር። ፎቅ ላይ ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት ማንሳት) ከከፍታ እየለቀቁ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የግንባታ መሐንዲስ ያማክር። ጎማው ሹል የሆነውን የብረት ድምፅ ይቀንሳል፤ ታች ያለውን ጎረቤት የሚያስደነግጠውን ወፍራም የግጭት ድምፅ ግን አያጠፋውም፤ ምክንያቱም የሚንቀጠቀጠው ወለሉ ራሱ ነው።

ስለ ጎማ። እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመው ስፖንጅ ምንጣፍ ለመተጣጠፍ ስፖርት የተሠራ ነው፤ ከራክ ሥር መግባት የለበትም። እግሩ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ከሰመጠም በኋላ ምንጣፉ ወደ ቦታው አይመለስም። የሚፈለገው ድፍን ጎማ ነው። ለእንስሳት ጋጣ ተብሎ የሚመረተው 1.2 በ1.8 ሜትር ስፋትና 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ነው፤ አንዱ 45 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሳይጣበቅም ከቦታው አይሸሽም። ከተፈጨ ጎማ ተጣብቆ የሚሠራውም ጥሩ አለው፤ ሲገዛ ጠርዙን በጥፍር መፈተግ ነው፤ ፍርፋሪ ከለቀቀ ይቅር። ክብደት ለማይወረወርበት ቦታ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ባር መሬት ለሚያርፍበት ቦታ ከ15 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ አይገባም። አዲስ ጎማ ይሸታል፤ በለዘብተኛ ሳሙና ታጥቦ ውጭ ጥላ ላይ ይሰንብት። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ጎማውን ስለሚበላው ለማጽጃ አይሁን። የወለሉ ንጣፍ ቪኒል ከሆነ ደግሞ ከጎማው የሚወጣው ነገር ቢጫ ነጠብጣብ ይተውበታል፤ በሳሙና አይለቅም።

ወፍራም ጎማ መቁረጥ ብዙ ሰው ያማርራል፤ ዘዴው ከታወቀ ግን ከባድ አይደለም። በመቁረጫው መስመር ሥር በቁመቱ ጠርብ እንጨት ይገባል፤ ጎማው በራሱ ክብደት በሁለቱ ወገን ሲወርድ የተቆረጠው ስንጥቅ አፉን እየከፈተ ይሄዳል። ቀጥ ያለ ብረት ተደግፎ በአዲስ ምላጭ አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሱ መቁረጥ፣ ምላጩንም በሳሙና ውሃ እየነከሩ መሄድ ነው። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መጫን ምላጩን ያጎብጠዋል፤ ጠርዙም ጠማማ ይሆናል። ጎማ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ከግድግዳው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣሁ። ጎማ የሚነጠፈው በራኩ ዙሪያና ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ከራኩ እግር ሥር ግን መኖር የለበትም። ምክንያቱ ቡሎን ከሚሠራበት መንገድ የመጣ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ያ ውጥረት ነው የራኩን እግር ከኮንክሪቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው። መሐላቸው ጎማ ካለ ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር ጎማው ይታመቃል እንጂ ቡሎኑ አይወጠርም። ዛሬ የጠበቀው ነገ ጎማው ሲያርፍ ይላላል፤ እንደገና ይጠበቃል፣ እንደገና ይላላል። እግሩ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወዲያ ወዲህ ሲል ቡሎኑ የሚቀበለው የማጠፍ ኃይል ይሆናል፤ ቀዳዳውም በዚያው ይሰፋል። ስለዚህ ራኩ ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ በኖራ አስምሩና ጎማውን 5 ሚሊ ሜትር ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ እግሩ ኮንክሪቱን ይንካ። ራኩ የማይታሰር ከሆነና ጎማ ላይ ማቆም የግድ ካለ አራቱም እግሮች አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት ያለው ድፍን ጎማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፉ። ከሁሉ የከፋው አንዱ እግር ግማሹ ጎማ ላይ፣ ግማሹ ባዶ ወለል ላይ ሲሆን ነው።

የመብሳቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራኩ ልኩን ይያዝ። ሲገጣጠም ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ ይጠበቁ። ከፊት ቀኝ እግር እስከ ኋላ ግራ እግር፣ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ልኮች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መለያየት የለባቸውም። ከዚያ ውሃ ልኩን በእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት ጎን ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን አስገቡ፤ የፍሬሙ ቡሎኖች በቁልፍ የሚጠብቁት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጠማማው ፍሬም እንደጠመመ ይጠብቃል፤ የደኅንነት ባሩ ፒንም በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው እምቢ ይላል። ቦታውንም አትርሱ፦ ትልቁ ባር 2.2 ሜትር ነው፤ ክብደት ለማስገባትና ለማውጣት በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 50፣ ቢቻል 60 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ከተበሳ በኋላ ማዛወር የለም።

ከመብሳት በፊት ከኮንክሪቱ ውስጥ ምን እንዳለ ይጠየቅ። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የውሃ ቧንቧ ወይም የወለል ማሞቂያ ቱቦ ካለ መንገዱ በመፈለጊያ መሣሪያ ይታወቅ። በውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለው ወለል ግን ጨርሶ አይበሳ። ያ ገመድ በብዙ ቶን ኃይል የተሳበ ነው፤ ፑንታ ከነካው ሊበጠስና ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ሊወጣ ይችላል። መሐሉ ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት የፎቅ ወለልም ከላይ ያለው ኮንክሪት ስስ ስለሆነ ለሚሰፋ ፊሸር አይመችም።

ለቤት ራክ የሚበቃው በሚጠብቅበት ጊዜ ጫፉ እየሰፋ ኮንክሪቱን የሚነክስ የብረት ፊሸር ቡሎን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወለል ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ተመርጦ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ኮንክሪት ውስጥ ይግባ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወለል ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን እስከ 70 ሚሊ ሜትር ይግባ። ከኮንክሪቱ ጠርዝም ሆነ ከማንኛውም ስንጥቅ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሲሰፋ ጠርዙን ሊገምሰው ይችላል። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት 28 ቀን ይሙላው። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ቡሎን ትንሹ ነው። ሁለቱን የፊት እግሮች ብቻ ማሰር ይታያል፤ ግን ራኩ ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚነሱት የኋላዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ አራቱም ይታሰሩ።

የቀዳዳው ስፋት ከቡሎኑ ስፋት ጋር እኩል ነው፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 12 ሚሊ ሜትር ፑንታ። የራኩ እግር ቀዳዳ ግን 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ፑንታው ላይ ጥልቀቱን በስኮች ምልክት አድርጉ፤ ቡሎኑ ከሚገባበት 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የተረፈው ጥልቀት ሁለት ጥቅም አለው፦ ብናኙ ታች ይቀመጥበታል፤ አንድ ቀን ራኩ ከተነሳ ደግሞ ቡሎኑ በመዶሻ ወደ ውስጥ ተመትቶ ወለሉ ይደፈናል። ትራፓኖው ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ፑንታው ድንገት ሄዶ እምቢ ካለና የብረት ፍንጣሪ ካወጣ ፌሮ ነክቷል። ፌሮን ለመብሳት ከመታገል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሸሽቶ አዲስ መብሳት ይሻላል፤ የተተወው ቀዳዳ በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚደርቅ ማጣበቂያ) ሲሚንቶ ይደፈን። የኮንክሪት ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ተራ ጨርቅ ሳይሆን የብናኝ ጭምብል ይደረግ፤ ዓይንም ይሸፈን።

ብዙ ቡሎን የሚከሽፈው ቀዳዳው ስላልጸዳ ነው። የሚሰፋው ቡሎን የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ በብረቱና በኮንክሪቱ መካከል ዱቄት ካለ ይንሸራተታል። በብሩሽ ፈትጉ፣ በፓምፕ ንፉ፣ ይህንንም ዱቄት መውጣቱ እስኪያቆም ድገሙት። ከዚያ ዳዶው ከቡሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ይጠምዘዝና መዶሻው እሱን ይምታ። ባዶውን ጥርስ የመታ ሰው በኋላ ዳዶው አልገባ ይለዋል። ሮንዴላው የራኩን እግር ሲነካ መምታት ቁሙ። ማጥበቅ በአንድ ጊዜ አይጨረስ፤ በሰያፍ አንዱን ትንሽ፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ትንሽ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ በመጨረሻም አምራቹ ማሸጊያው ላይ በጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ጨርሱ። ከልኩ በላይ ማጥበቅ ቡሎኑን ከኮንክሪቱ ያላቅቀዋል። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ አብሮ ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ኮንክሪቱ ደካማ ነው። ያንን ቀዳዳ በስንጥርና በላስቲክ ማጣበብ ራስን ማታለል ነው፤ ወይ ከፍ ያለ ቡሎን፣ ወይ በኤፖክሲ የሚተከል ባለ ጥርስ ዘንግ ይግባበት። ኤፖክሲው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይጨርስ ዳዶ አይነካ።

መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ፣ ወለሉ ለማይመች ሰው መድረክ አለ፤ በእኔ እምነት ከቡሎኑ የማያንስ መፍትሔ ነው። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ስድስት ያስፈልጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተነጥፈው 244 በ244 ይሆናሉ፤ ሁለቱ በላያቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ መገናኛዎቹ እንዳይገጣጠሙ ነው። የእንጨት ሙጫ ተቀብቶ በ30 ሚሊ ሜትር ቪቴ፣ መሐሉ በየ30፣ ጠርዙ በየ20 ሴንቲ ሜትር ይያዝ። ሁለቱ ንጣፎች 36 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ ቪቴው ከሥር አይወጣም።

ስህተት የሚሠራው ሦስተኛው ንጣፍ ላይ ነው። የተለመደው መሐል ላይ 122 ሴንቲ ሜትር እንጨት፣ ግራና ቀኝ ጎማ ማድረግ ነው። ያ ባዶ መሬት ላይ ለሚነሳ ባር ትክክል ነው። የራኩ ወርድ ግን ብዙ ጊዜ 120 ወይም 125 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እግሩ በትክክል የእንጨቱና የጎማው መገናኛ ላይ ይወድቃል። መሐሉን 132 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ከሁለቱ ቀሪ ኮምፔርሳቶ 66 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ መገናኛውን መሐል ላይ አውሉት፤ ይህኛው በ45 ሚሊ ሜትር ቪቴ ይያዝ። ግራና ቀኝ የሚቀረው 56፣ 56 ሴንቲ ሜትር ጎማ ይሆናል። ትልቁ ባር ላይ የመጀመሪያው ክብደት የሚጀምረው ከባሩ መሐል 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ክብደቱ ጎማው ላይ፣ የራኩ እግር እንጨቱ ላይ ያርፋሉ።

ራኩ መድረኩ ላይ በባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይታሰራል። ከላይ ይበሳና፣ መድረኩ በአንድ ጎን ተነስቶ ከሥር ሮንዴላውና የቡሎኑ ራስ የሚሰምጡበት ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ሰፊ ሮንዴላ ይሁን፤ ትንሹ እንጨቱን በልቶ ይገባል። መድረኩ ከነጎማው 220 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከራኩ ጋር 340 ኪሎ ሲሆን መገልበጫው ጠርዝ ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ቅድም 34 ኪሎ የነበረው ጉተታ አሁን 190 ኪሎ ገደማ መድረስ አለበት። ይህ አንድም ቀዳዳ ወለሉ ላይ ሳይበሳ የተገኘ ነው።

ራኩን ከግድግዳ ጋር ማሰር የሚፈልግ ሰው ግድግዳው ምን እንደሆነ ይወቅ። ባዶ ብሎኬት ውስጥ የሚሰፋ ፊሸር ዛጎሉን ይሰብራል። ግድግዳውን አልፎ በሌላኛው ገጽ በብረት ሳህን የሚያዝ ቡሎን፣ ወይም ወንፊት በሚመስል ቱቦ ውስጥ የሚተከል ኤፖክሲ ካልሆነ አይታመን።

ሥራው ሲያልቅ ባዶው ባር መንጠቆው ላይ ይቀመጥ፤ ካልተንከባለለ ልኩ ጥሩ ነው። የደኅንነት ባሩን ዝቅ አድርጋችሁ መጀመሪያ 40፣ ቀጥሎ 60 ኪሎ ከ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ጣሉበትና እግሮቹን ተመልከቱ፤ ላሜራው ከተንሸራተተ ወይም ዳዶው ሥር አዲስ ብናኝ ከታየ አንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው። ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ፣ ቀጥሎም በየሦስት ወሩ በቶርክ ቁልፍ ይታዩ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ የጎማው ጠርዝ ተነስቶ የእግሩ ንጣፍ ዝገትና የኮንክሪቱ ስንጥቅ ይፈተሽ። ከቡሎኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ስንጥቅ ከታየ ራኩ ባዶ ይሁን፤ ቡሎኑም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደሚርቅ ጤናማ ቦታ ይዛወር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ